ደም ሥር

ሥራዬ ደም መቅዳት፣ እንጀራዬ መርፌ፣
ስንቱን ክንድ ዳስሼ፣ ስንቱን ጠባሳ አልፌ፣
ዊትስበርግ ከተማ፣ ኬንታኪ ተራራ፣
የኦርፋ ኮምብስ ክንድ ሆነብኝ መከራ።
ሰማንያ ሦስት ክረምት ያደረቀው ቆዳ፣
ጅረቱ ከላይ ጠፍቶ ከሥር የሚቀዳ።
አንዴ ወጋሁ፤ ሳትኩ። ሁለቴ። ይቅርታ አልኩ።
ሳቀች። «እኔም» አለች፣ «በዚህ እጅ ስንት ሥር ነቀልኩ!»

ሥር ማሽ ናት ኦርፋ።
በእኛ አፍ ስድብ ነው፤ በቀን ሰው የሚሸሸው፣
ልጅ ያመመው ሌሊት በጓሮ በር የሚሻው።
በእሷ መንደር ግን ሙያ ነው፤ ከእናት የሚወረስ፣
በጆንያ ታጭቆ፣ በሚዛን ተለክቶ ገበያ የሚደርስ።

የምትምሰው ተክል ስሙ ሁለት ቃል ነው፦
ደም፤ ደግሞም ሥር።
በእሷ ቋንቋ ቢያያዝ የጫካ አበባ ነው፣
በእኔ ስገጥመው ግን እክንዷ ውስጥ ያለው፣
ያ የጠፋኝ መስመር።

መጋቢት ሲጋመስ፣
ቅዳሜ ይዛኝ ወጣች፣ ዱላዋ መሪ ሆኖ፤
ሰሜን ፊቱ ገደል ገና በውርጭ ተሸፍኖ፣
ዛፉ ሁሉ ራቁት፣ ሰማይ እስከ መሬት፣
ብርሃን እንደ ልቡ የሚገባበት ሰዓት።
እዚያ ቆሟል አበባው፤ ነጭ፣ አጭር፣ ብቸኛ፣
ቅጠሉን እንደ ጋቢ እስከ አንገቱ ተከናንቦ፣
ብርድ እንደመታው ዳኛ።

ለንብ ማር የለውም፤ ብናኝ ነው ድግሱ።
ማታ ማታ ይዘጋል፣ ተሰብስቦ ለራሱ።
ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት። ከዚያ ነፋስ ይመጣል፣
ሰርግ እንዳለቀ ቤት ድንኳኑን ያነሣል።
ቅጠሉ ግን ይቀራል፤ ጋቢውን ዘርግቶ፣
እስከ ሐምሌ ድረስ ሥሩን ቀልቦ፣ አብልቶ።
ዘሩን ጉንዳን ይወስዳል፤ በፍሬው ትከሻ
ጮማ አለችለት፣ የተሸካሚ ጉርሻ።
ጮማዋን ጎርሶ፣ ዘሩን ከጥራጊው ሲጥለው፣
ሳያውቅ ዘራ ማለት ነው።

«የሚማሰው በመከር ነው» አለች ተንበርክካ፣
«ዛሬ ላሳይሽ ብቻ።» ጉልበቷ ጮኸ እንደ ሳንቃ።
በጣቷ አፈር ገለጠች፤ በጎን ነው፣ ቁልቁል አይደለም፤
ሥሩን አገኘችው፤ ጣት ያክላል፣ አይበልጥም።
በጥፍሯ ቆረጠችው።
ቀይ አለቀሰ።
ብርቱካን የነካው ቀይ፣ በመዳፏ መስመር ፈሰሰ።

«ቸሮኪዎች ናቸው ከእኛ በፊት ያወቁት፣
ቅርጫት የሚሠሩበትን ሸምበቆ ሲያቀሉት።
እናቴ ለሳል ነበር፤ ጠብታ፣ በስኳር።
ዴልበርት ከማዕድን ወጥቶ ከሰል ሲተፋ ሲያድር
እኔም እንደሷ ሰጠሁት፤ ሐኪሙ ሩቅ ነበር።
አላዳነውም።
እንቅልፍ ግን ሰጠው። ሁለት፣ ሦስት ሰዓት። ትንሽ አይደለም።»

ከዚያ ሻሿን ገለጠች። የግራ ጆሮዋ ግማሹ የለም።

«ቁስል ወጣብኝ፤ ቀባሁት። እየበላ፣ እየበላ፣
ክፉውን ጀምሮ ደጉን ጨረሰ በኋላ።
ሥር አይለይም፣ ልጄ፤ የሚለየው ሰው ነው፤
ሰውም ሲኮራ ያው ነው።»

አልጠየቅኳትም። እሷም አልጨመረች።
ግማሹን ሥር ከነቡቃያ ዓይኑ ቀበረች፣
የባሉጥ ቅጠል ደረበችበት፣ እንደ ሕፃን።
«ሁሉን የነቀለ» አለች፣ «ለከርሞ ምን ሊምስ?»
እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ቀለሙ አልለቅ አለ።

ሰኞ ክንዷን ዘረጋች።
ቆዳዋን በአውራ ጣቴ ወጠርኩ፣ እጄን ዝቅ አደረግኩ፣
ቁልቁል መውጋቱን ትቼ በጎን አስጠጋሁ፣ ጠበቅኩ።
መጣ።
ሁለታችንም ዝም ብለን ጠርሙሱ ሲቀላ አየን።
«ስንት ነው የታዘዘው?»
«ሁለት።»
«በቃ ሁለት። ሌላውን» አለች፣
«ከነዓይኑ ተዪው።»